ጠያቂው ሲያውቅበት

የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ሲሳካ የሚመሰገነው እንግዳው ነው። «ሰውየው ዐዋቂ ነው፤ እንዴት አድርጎ አስረዳን!» እንላለን። እንዲህ እንዲያስረዳ ያደረገውን ጋዜጠኛ ግን ፕሮግራሙ ሳያልቅ ረስተነዋል። ሲበላሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ጥፋቱ ሁሉ በጋዜጠኛው ላይ ይወድቃል። ስለ ዓለም ፖለቲካና ስለ ሳይንስ በአማርኛ የሚደረጉትን የሬዲዮ ቃለ ምልልሶች፣ አንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ ይዤ ላወራላችሁ ነው። የማወራው ግን ምን እንደተባለ ሳይሆን እንዴት እንደተሠሩ ነው። የማዳምጠው ደቡብ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ሆኜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም ሌላ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቂርያት ጋት ለዚህ ዓይነቱ ማዳመጥ ምቹ ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆረቆረች፣ ከቴል አቪቭ ወደ ቤር ሼቫ በሚወርደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞችም አንዷ ናት። ሌላው አገር «የዓለም ዜና» የሚለው ነገር እዚህ ደጅ ላይ ነው። ኢንቴል ፋብ 28 የተባለውን የቺፕ ፋብሪካ በ2008 ሥራ ያስጀመረው እዚህ ነው። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ ከኒር ኦዝ ኪቡጽ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች የተጠለሉት ካርሜይ ጋት በተባለው የከተማዋ አዲስ ሰፈር ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የጋዛን የተኩስ አቁም የሚከታተለውና በአሜሪካ የሚመራው የሲቪልና ወታደራዊ ማስተባበሪያ ማዕከል እዚሁ ተከፈተ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስም መጥተው ጎበኙት። እንዲህ ባለ ከተማ የሚኖር አድማጭ ስለ ዓለም ፖለቲካም ስለ ሳይንስም ሲወራ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሳይሆን የሚመዝን ነው።

የአማርኛ ሬዲዮ እዚህ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚከፈት ነገር አልነበረም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገባ። ከገጠር የመጣው ብዙ ነው፤ በዕድሜ ከገፉት መካከል በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልተማሩት ብዙዎች ነበሩ። ሬካ የሚባለው የአዲስ ገቢዎች ሬዲዮ የተቋቋመው በዚያው በ1991 ነው። ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር በአማርኛና በትግርኛ ሲያሰራጭ ቆይቶ ከ2017 ጀምሮ ካን በተባለው የሕዝብ ማሰራጫ ሥር ሆኗል። ከዚህ ሌላ ከቦን ዶቼ ቬለ፣ ስልኩ ኢንተርኔት ካለው ደግሞ ከአዲስ አበባ ሸገር ይሰማሉ፤ እስከ ማርች 2025 ድረስ ከዋሽንግተን የአሜሪካ ድምፅም ይሰማ ነበር። ለእነዚህ እናቶችና አባቶች ሬዲዮ ጋዜጣም መጽሐፍም ነው። የተነገረው ካመለጣቸው ግን ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያነቡት ገጽ የላቸውም። ስለዚህ የአማርኛ ቃለ ምልልስ ጥራት የሚለካው በእነሱ ነው፤ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት የሰሙትን ለጎረቤታቸው በራሳቸው አፍ መልሰው መንገር ከቻሉ ሥራው ተሳክቷል።

ሰኞ ማታ የነጋሽ መሐመድ «ማኅደረ ዜና» ነው። የዶቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል ማርች 15 ቀን 1965 ከኮሎኝ ሥራውን ጀምሮ ዛሬ ከቦን ያሰራጫል። የምሽቱ ስርጭት በኢትዮጵያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሙቀቱ ወራት የእስራኤልና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ስለሆነ እዚህም አንድ ሰዓት ይሆናል፤ በብርዱ ወራት ሰዓታችን ወደ ኋላ ሲመለስ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንሰማዋለን። «ማኅደረ ዜና» የሳምንቱን አንድ ትልቅ ጉዳይ መርጦ የሚተነትን ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ ሰው ትንታኔ እንጂ ቃለ ምልልስ አይደለም ይለኛል። እኔ ግን የሰኞውን ፕሮግራም ከቃለ ምልልሱ ወገን እቆጥረዋለሁ፤ ከባለሙያ ጋር የተደረገ የስልክ ንግግር ተቆርጦ በትረካው ውስጥ የት እንደሚገባ ማወቅ፣ በቀጥታ ከመጠየቅ ያላነሰ ሙያ ነውና።

የነጋሽን አጻጻፍ ያልለየ አድማጭ የለም። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ስም ብቻ፣ አንዳንዴ ግሥ ብቻ። አንድ ጦርነት ሲተርክ ዓመቱን ይጠራል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የአባቶችን ውል ያነሳል፣ ተመልሶ ትናንት ማታ ላይ ይደርሳል። አድማጩ መንገዱን እንዳይስት ተመሳሳይ ግሦችን እየደጋገመ ያስይዘዋል። በጽሑፍ ቢያዩት ድግግሞሹ የበዛ ይመስላል፤ ለጆሮ ግን መያዣ ነው። «ቸር ያሰማን» ብሎ ሲሰናበት፣ ቸር ወሬ እንደማይበዛበት የሚያውቅ ሰው ምኞት ስለሆነ ማንም እንደ ልማድ አይሰማውም።

የእንግዳ ድምፅ ሲገባ ጀማሪና ዐዋቂ ይለያያሉ። ጀማሪ አዘጋጅ «እንግዳችን ድርድሩ ይከሽፋል ይላሉ» ብሎ ይነግረንና ድምፁን ያስገባል፤ እንግዳውም «ድርድሩ ይከሽፋል» ይላል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሰማን፤ የሁለተኛው ጊዜ ባከነ። ዐዋቂው ግን ትረካውን ጥያቄ እስኪወልድ ድረስ ወስዶ ያቆመዋል፤ ለምሳሌ ሁለቱ ወገኖች ስንት ጊዜ ፈርመው ስንት ጊዜ እንዳፈረሱ ይነግረንና ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ አድማጩ «ታዲያ ለምን ይፈርማሉ?» ብሎ በሆዱ ይጠይቃል። የእንግዳው ድምፅ የሚገባው ይህን ሊመልስ ነው። ድምፁ ሲያበቃም ትረካው እንግዳው ያሉትን አይደግመውም፤ ወይ ያሉትን የሚያጠናክር አንድ ዓመተ ምሕረት ያመጣል፣ ወይ የሚያፈርስ። እንግዳው እንዲህ ሲመሰክርም ሲመረመርም ይሰማል።

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለሬዲዮ ሰው ሌላ ፈተና አለው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በወረቀት ይህ ችግር የለውም። በጆሮ ግን ችግር ሊሆን ይችላል። «ሁለቱ መንግሥታት እስረኞችን በሚቀጥለው ሳምንት ለመለዋወጥ ተስማምተዋል በሚል በውጭ መገናኛ ብዙኃን የተሰራጨውን ዘገባ ሚኒስትሩ ሐሰት ነው ሲሉ አስተባበሉ» የሚል ዜና ተነበበ እንበል። ሰው ወጥ ቤት ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ሽሮው ይንተከተካል፣ ልጅ ይጠራል። «ተስማምተዋል» የሚለው ጆሮ ውስጥ ገብቶ «አስተባበሉ» የሚለው ሳይገባ ይቀራል። እንዲህ ባለ ዜና ምክንያት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት «እና ተስማሙ ማለት ነው፣ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ደስታቸውን ማፍረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ያደርገዋል፦ «ሚኒስትሩ ዘገባውን ሐሰት ነው አሉ። ዘገባውን ያወጡት የውጭ መገናኛ ብዙኃን ናቸው። እስረኞች በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ ብለው ነበር።» እንዲህ ከተባለ አድማጩ የትኛውም ላይ ቢዘናጋ በተገላቢጦሽ አይረዳም።

ጥያቄም ያው ነው። ጥያቄውን በታሪክ መግቢያ የሚጀምር፣ በመሐል የራሱን አስተያየት የሚጨምር፣ ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ትንፋሽ አስሮ የሚያቀርብ ጠያቂ አለ። እንግዳው ከሦስቱ ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፤ ሁለቱ ከባዶች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ዐዋቂ ጠያቂ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለሚያጥር ዕውቀቱ የሚያንስ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን ያነበበውን ሁሉ ያዋለው የትኛውን እንደሚጠይቅ ለመምረጥ ነው።

ከሰኞው ፕሮግራም ሌላ በሳምንቱ ውስጥ ከተለያዩ ከተሞች ዘጋቢዎች እየተጠሩ ይጠየቃሉ። ለእኛ ቅርቡ ሐይፋ ነው፤ ዜናነህ መኮንን ከዚያ ሆኖ ስለ እስራኤልና ስለ አካባቢው ለዓመታት ዘግቧል። ይህ ዓይነቱ ጥያቄና መልስ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ያወቀውን እንዳላወቀ መስሎ ሲጠይቅ ተውኔት ይሆንበታል፤ የሚያውቀውን በጥያቄው ውስጥ ሲዘረግፈው ደግሞ ለዘጋቢው «አዎ፣ ልክ ነው» ከማለት በቀር የሚቀረው የለም። መካከለኛው መንገድ ጥያቄዎቹን በደረጃ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የተፈጸመውን ያስይዛል፦ የት፣ መቼ፣ ምን። ሁለተኛው ምንጩን ይለያል፦ ጦሩ ነው ያለው፣ ጋዜጣው ነው፣ ወይስ ዘጋቢው ራሱ ያየው? ሦስተኛው ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ይጠይቃል። ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ትንቢቱ ከወሬው ይቀድማል።

ሁለተኛዋ ጥያቄ በቂርያት ጋት ልዩ ክብደት አላት። ቦን ያለው ጠያቂ የሚጠይቀውንና ሐይፋ ያለው ዘጋቢ የሚመልሰውን የሳይረን ጩኸት፣ እዚህ ያለው አድማጭ በራሱ መጠለያ ውስጥ ሰምቶታል። ማን ምን እንዳለ ተለይቶ ሲነገረው ያምናል፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተድቦልቡሎ «ተብሏል» ሲባል ግን ወዲያው ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል።

ስለ ማቋረጥም ልናገር። አማርኛ ለጠያቂ የሰጠው ትልቅ መሣሪያ «እርስዎ» ነው። በአክብሮት የተጠየቀ ከባድ ጥያቄ፣ በቁጣ ከተጠየቀ ይልቅ ለማምለጥ ያስቸግራል። «ይቅርታ ላቋርጥዎትና» የምትለዋን ሐረግ ሁሉም ይላታል፤ መቼ እንደምትባል ግን ሁሉም አያውቅም። ክፉ አቋራጭ ቃል መሐል ይገባል፤ ሁለት ድምፅ ይደራረባል፣ አድማጩ ሁለቱንም ያጣል። ጥሩ አቋራጭ እንግዳው ትንፋሽ ሊስብ ሲል ይጠብቃል፣ ከዚያም የመጨረሻ ቃሉን ይዞ ይገባል፦ «ይቅርታ ላቋርጥዎትና፣ ‹ሁሉም ወገን› አሉ፤ ማንና ማን ናቸው?» እንግዳው የተቋረጡ ሳይሆን የተደመጡ ይመስላቸዋል። አድማጩም ሊጠይቅ የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ማክሰኞ በዚያው በዶቼ ቬለ የሸዋዬ ለገሠ «ጤና እና አካባቢ» ነው። ሐኪም ተጠያቂ ሲሆን ግማሹን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ክፋት የለውም፣ የተማረበት ቋንቋ ነው። ጠያቂዋ አታርመውም። የተናገረውን በአማርኛ አድርጋ፣ በጥያቄ መልክ ትመልስለታለች፤ እሱም «አዎ» ብሎ በዚያው ይቀጥላል። እንግዳው ሳያፍር አድማጩ ተረዳ። በአሜሪካ ድምፅም አሉላ ከበደ «ሐኪምዎን ይጠይቁ» በሚለው ዝግጅት ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ እንሰማው ነበር፤ ከአድማጭ የመጣን ረጅም ታሪክ አሳጥሮ፣ የታማሚውን ጭንቀት ሳያስቀር ለሐኪሙ ማቅረብ። በማርች 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች የግዴታ ፈቃድ እንዲወጡ ሲደረግ ድምፁ ተቋረጠ። ከዜናው በላይ የጎደለን ይህን መሰሉ ለዓመታት የተጠራቀመ ሙያ ነው።

ረቡዕ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዝግጅት አለ፤ እንደ እኔ የሳምንቱ ከባድ ሥራ ይህ ነው። ፖለቲካ በራሱ ባለታሪክ አለው፣ ጠብ አለው፤ አድማጩ ግማሹን ያውቀዋል። ሳይንስ ግን ሥዕል ይፈልጋል፣ ሬዲዮ ደግሞ ሥዕል የለውም። ያለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ከዚሁ ከተማችን ልነሳ። ስለ ቺፕ አሠራር አንድ መሐንዲስ ቀረቡ እንበል። «ስለ ሴሚኮንዳክተር ቴክኖሎጂ ምን ይሉናል?» ከተባሉ የሚሉት አያጡም፤ ሃያ ደቂቃ ይናገራሉ፣ የሚያዝ ነገር ግን አይኖርም። ዐዋቂው ጠያቂ ከሚዳሰሰው ይጀምራል፦ «ፋብሪካው ውስጥ የሚገባው ጥሬ ዕቃ ምንድን ነው?» መልሱ የሲሊከን ሰሌዳ ነው፤ ክብ፣ ስስ፣ ከዳር እስከ ዳር 300 ሚሊ ሜትር። ይህን ማንም በእጁ ለክቶ ያስበዋል። «ላዩ ላይ የሚሠራው ነገር ምን ያህል ትንሽ ነው?» መልሱ በናኖ ሜትር ይመጣል፤ ጠያቂው ግን ቁጥሩን አያሳልፈውም፦ «ከሰው ፀጉር ጋር ያወዳድሩልን።» የፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። «እንዲህ ትንሽ ከሆነ አቧራ ቢያርፍበትስ?» አሁን መሐንዲሱ ስለ ንጹሕ ክፍሉ፣ ሠራተኛው ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ ለምን እንደሚገባ፣ አየሩ ሳያቋርጥ ለምን እንደሚጣራ ይናገራሉ። አቧራ የማያሰጋው ሰው የለምና ሁሉም ገባው። «አንዱ ሰሌዳ ገብቶ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን አልፎ ወራት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አድማጩ የዓለም ኃያላን ስለ ቺፕ ለምን እንደሚፋለሙ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል፤ ፋብሪካ ዛሬ ታስቦ ነገ የሚቆም ነገር አይደለም።

ከጥያቄዎቹ አንዱም ቴክኒካዊ ቃል የለበትም። ግን የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል የሚያውቀው ነገሩን ያጠና ሰው ብቻ ነው። የአቧራው ጥያቄ ከፀጉሩ በፊት ቢመጣ ምላሹ ስለ ጽዳት ብቻ ይሆን ነበር።

የቁጥር አያያዝም የዚሁ ሙያ አካል ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመረቅ ሁሉም ጣቢያ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት እያለ ቁጥሩን ደረደረ። ሲነገር ትልቅ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ግን አይቆይም። 74 ቢሊዮኑን ዓባይ በዓመት ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው፣ ከ50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ጋር የሚያስተያይ ጠያቂ ግን «የአንድ ዓመት ተኩል ውኃ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያው «አዎ፣ በግርድፉ» ካሉ በኋላ ያ አድማጭ የግብፅን ሥጋትም የኢትዮጵያን ትዕግሥትም፣ ሐይቁን በአንድ ክረምት መሙላት ለምን እንደማይቻልም በአንድ ጊዜ ያያል። እዚህ ላይ ሳይንሱና የዓለም ፖለቲካው አንድ ላይ ገቡ።

ከሁሉ በላይ የምወዳት ጥያቄ ግን «በምን አወቃችሁት?» የምትለዋ ናት። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጠያቂው «አጥንቷ ላይ ተጽፎ አልተገኘ፤ በምን አወቃችሁት?» ሲል ግን ሌላ በር ይከፈታል። የሚለካው አጥንቱ ራሱ አይደለም። የሚለካው አጥንቱ በተገኘበት አካባቢ ተነባብሮ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ከፊሉ እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደሆነው ይታወቃል። ከታች ያለው ንብርብር ቀድሞ የወደቀ ነው፣ ከላይ ያለው ኋላ የወደቀ። ገበሬ የነበሩ አባት ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ አይቸገሩም፤ የመሬትን አፈር ንብርብር ከማንም በላይ ያውቁታል። የእምነታቸው ቆጠራ ከሳይንሱ ጋር ባይስማማ እንኳ፣ ሊቃውንቱ ዝም ብለው እንዳልተናገሩ ይረዳሉ። ጥሩ ጠያቂ አድማጩን ለማሳመን አይደክምም፤ ማስረጃውን አቅርቦ ዳኝነቱን ለእሱ ይተዋል።

ሐሙስ የአዜብ ታደሰ ባህል፣ ዓርብ የልደት አበበ «የወጣቶች ዓለም» ይመጣሉ፤ መስካቸው ሌላ ስለሆነ አልፋቸዋለሁ። እዚህ ደግሞ የዓርቡን ብዙ ሰው አይሰማውም። በብርዱ ወራት ስርጭቱ ሲጀምር ሰንበት ገብታለች፤ ሰንበትን የሚያከብር ቤት ሬዲዮ አይከፍትም። የዓርቡና የቅዳሜው ቅጂ ተጠራቅሞ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ፣ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች በስልካቸው ፈልገው ይከፍቱታል።

የሸገር 102.1ን «የጨዋታ እንግዳ» የምሰማው በዚያ ሰዓት ነው። ሸገር በ2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስርጭት ከጀመረ አንሥቶ የጣቢያው መሥራች መዓዛ ብሩ እንግዳዋን በአንድ ቀን አትጨርሰውም፤ ለሳምንታት ታወያየዋለች። የሰኞው ሙያ መቁረጥ ከሆነ የእሷ ሙያ መጠበቅ ነው። እንግዳው ተናግሮ ሲያበቃ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አትወረውርም። ትንሽ ትቆያለች። ሰው ዝምታውን ለመሙላት ሲል ሊናገር ያላሰበውን ይናገራል፤ ዲፕሎማት የነበረ ሰው ከሰነዱ የቀረውን፣ ሳይንቲስት ያልተሳካለትን ምርምር ያወጣል። ሬዲዮ ዝምታን ይፈራል፤ ሁለት ሰከንድ ባዶ ሲሆን ቴክኒሻኑ ይደነግጣል። እሷ ግን ያን ሁለት ሰከንድ ለእንግዳው ትተውለታለች። በዚያው ጣቢያ የኔነህ ከበደ የባሕር ማዶ ወሬዎችን ሲያቀርብም የዓለምን ፖለቲካ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራው ቋንቋ ያደርገዋል፤ ክብደቱን ሳይቀንስ።

እሑድ የዶቼ ቬለ «እንወያይ» ነው፤ ለእስራኤል ሰው እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ስለሆነ ከሥራ መልስ የሚሰማ። ሦስት አራት ተወያዮች ከተለያዩ ከተሞች በስልክ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ አድናቆቴ ከቅሬታ ጋር ነው። የሙያው ክፍል አለ፤ ድምፃቸው ብቻ የሚሰማ አራት ሰዎችን አድማጭ እንዳያምታታቸው በየጊዜው በስም መጥራት፣ ሰዓቱን ማካፈል፣ ጥያቄውን ሸሽተው የሄዱትን «ጥያቄዬ ይህ አልነበረም» ብሎ በትሕትና መመለስ። ይህን አወያዮቹ ያውቁበታል። ግን አንዳንዱ እሑድ ማዕረግ በመጥራትና በምስጋና ይሄዳል፤ ተወያዩ «በመጀመሪያ ስለሰጣችሁኝ ዕድል» ብሎ ይጀምራል፣ የጻፈውን መግለጫ ያነባል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። አራቱ በየተራ ይናገራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። የትኛውም ተንታኝ «ይህ ጦርነት በሦስት ወር ያልቃል»፣ «ከጀርባው እገሌ አለ» ብሎ ሲናገር፣ ረቡዕ ለሳይንቲስቱ የቀረበችው ጥያቄ ለእሱ አትቀርብም።

የሳምንቱ ሥራ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ሰኞ መቁረጥንና መቀጠልን፣ ማክሰኞ ሳያሳፍሩ ማቃናትን፣ ረቡዕ የጥያቄን ቅደም ተከተል፣ ቅዳሜ መታገሥን፣ እሑድ ብዙ ድምፅን ማስተዳደርን ያሳየናል። በአማርኛ የተሠራ፣ ለማዳመጥ ብቻ ለሚኖር ጆሮ የታሰበ ሙያ ነው፤ ከሌላ አገር ጣቢያ ጋር ሲወዳደርም አያንስም። የቀረው አንድ ነገር ነው። የአመድን ዕድሜ የለካ ተመራማሪ ሥራውን እንዲያስረዳ እየተጠየቀ፣ የመንግሥታትን ሐሳብ አውቃለሁ የሚል ተንታኝ በነጻ ማለፍ የለበትም። በቂርያት ጋት ያለው አድማጭ ትንተናው ልክ መሆኑንና አለመሆኑን የሚያየው በደጁ ነው፤ በሦስት ወር ያልቃል ተብሎ ያላለቀ ጦርነት ልጁን ወስዶበታልና። ስለዚህ ጠያቂዎቻችን የረቡዕን ጥያቄ ለሰኞና ለእሑድ እንግዶችም ያቅርቡልን፦ «ይህን በምን አወቁ?» እንግዳው ቢቆጣ ይቆጣ፤ «እርስዎ» ተብሎ እስከተጠየቀ ድረስ የሚመልስበት ጨዋነት አይጠፋውም።